የመማር ግዴታ በወረርሽኝ ጊዜ
(ቡታጅራ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከመሐንዲስ ሙያ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ልጅን ትምህርት ቤት የመላክ ግዴታ ለወላጆች ሊላላ ይገባልን? የሚለው ነው። ነገር ግን የመማሪያውን ክፍል ስፋትና መስኮት የምንወስነው እኛ ስለ ሆንን ጥያቄው ይመለከተናል።

የኮቪድ 19 በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ቢሞከርም መብራት ላልገባበት የገጠር ቤት ሊዳረስ አልቻለም። ሰባት ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ ከገጠሩ ተጀምሮ በየደረጃው ተከፈቱ። በአንድ ክፍል የሚቀመጡትም ከ20 እስከ 25 ተማሪዎች ብቻ እንዲሆኑ ታዘዘ።

እንግዲህ እናስላ። 60 ተማሪ ይማርበት የነበረ ክፍል 20 ብቻ ይያዝ ከተባለ፣ ተጨማሪ ክፍልና መምህር እስካልተገኘ ድረስ ልጆቹ በሦስት ተራ መከፈላቸው ግድ ነው። ስለዚህ ልጁ በየቀኑ ይምጣ የሚለውን ደንብ አስቀድሞ ያላላው ወላጁ ሳይሆን የክፍሉ ስፋት ነው። በቤቷ በሽተኛ አረጋዊ የምታስታምም እናት ልጇን ብታስቀር በምን ፍርድ ትወቀሳለች? እኔ ግዴታው ሊላላ ይገባል ባይ ነኝ።

ሆኖም የማላላቱ አደጋ በየአገሩ አንድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ልጁን ያለ ፈቃድ ከትምህርት የሚያስቀር ወላጅ መቀጮ ይከፍላል፤ በወረርሽኙ ጊዜ ግዴታው ከተነሣ በኋላ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ገደማ ሲመለስ መቀጮውም አብሮ ተመለሰ። በእኛ ዘንድ ግን ልጁን ከትምህርት ቤቱ ጋር አስሮ የሚያቆየው መቀጮ ሳይሆን ልማድ፣ ፈተናና መምህሩ ጧት ጧት የሚጠራው የስም መዝገብ ነው። ይህ ገመድ አንድ ጊዜ ከላላ ማን ያጠብቀዋል? በጉራጌ አገር ወጣት ለንግድ ወደ አዲስ አበባ መውጣቱ የቆየና የተከበረ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ሊስትሮ ሳጥን ያነገተው ልጅ፣ ወይም በዕረፍቱ መካከል የታጨችው ልጃገረድ፣ ደወል ስለ ተደወለ ብቻ አይመለሱም።

በቦይለር ላይ የምንገጥመው ሴፍቲ ቫልቭ ግፊት ሲበዛ ይከፈታል፤ ግፊቱ ሲረግብ ደግሞ በራሱ ሞላ ይዘጋል። የማይከፈት ከሆነ ቦይለሩ ይፈነዳል፤ ተከፍቶ የሚቀር ከሆነ ደግሞ እንፋሎቱ ሁሉ ባክኖ ያልቃል። ሕግም እንዲሁ ነው። የማላላቱ ትእዛዝ የሚዘጋበትን ሞላ ይዞ መውጣት አለበት።

ሞላው ምንድን ነው? ለዚህ ቡታጅራ ራሷ ምሳሌ አላት። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በዚህ አካባቢ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የጤና ጥናት ጀመረ። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን ይጽፉ ነበር። ይህ ሥራ ቤት ለቤት መቁጠር በገጠር እንደሚቻል አስመስክሯል። ለሞተ ሰው የሚደረገው ቆጠራ ከትምህርት ለቀረ ሕፃን ሊከለከል አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ግዴታው ሲላላ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ ይወሰን። ሁለተኛ፣ በወረርሽኝ ምክንያት የቀረ ተማሪ ስሙ አይሰረዝ፤ ምክንያቱ በመዝገቡ ላይ ለብቻው ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልተመለሰው ልጅ ቤት መምህርና የቀበሌ ተወካይ ይሂዱ፤ የሚሄዱትም ለመክሰስ ሳይሆን ለመጥራት ይሁን።

ለእኛም ድርሻ አለን። ነፋስ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እንዲያልፍ መስኮቶቹን ፊት ለፊት የምናደርግበት ክፍል ብዙ ወጪ አይጨምርም፤ በሚቀጥለው ወረርሽኝ ግን ምናልባት ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ እንዲቆይ ይረዳል። ይህን በየንድፋችን እንድናስብበት አደራ እላለሁ።