ስለ ስኳር ሕመም ክኒን አወሳሰድ የተነገረ ንግግር



ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት የተሰበሰብነው ከባቄላ ፍሬ ስለማይበልጥ አንድ ትንሽ ነገር ለመነጋገር ነው። እርሱም የስኳር ሕመም ክኒን ነው። ይህ ክኒን በሥርዓት ሲወሰድ ዕድሜን ያቈያል፤ ያለ ሥርዓት ሲወሰድ ግን በደኅና ከቤቱ የወጣውን ሰው በመንገድ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ልብ ብላችሁ ታደምጡኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ።

አስቀድመን ሕመሙን እንወቅ። የምንበላው እንጀራና ቂጣ በሆድ ከተፈጨ በኋላ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ቆሽት የሚባለው የሰውነት ክፍል ኢንሱሊን የሚባለውን ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም እንደ ቁልፍ ሆኖ ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋችን ያስገባዋል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ግን ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ አይታዘዝም፤ ቆሽትም እያደር ይደክማል። ስለዚህ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ብዙ ዘመንም ሲቈይ ዓይንን፤ ኩላሊትን፤ ልብንና የእግርን ነርቭ ይጐዳል።

ይህ ጉዳት በዝግታ የሚመጣ ስለ ሆነ፤ ብዙ ሰው «እኔን ምንም አላመመኝም» እያለ መድኃኒቱን ይተዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የስኳሩን መውጣትና መውረድ የሚገልጸው የደም ምርመራ እንጂ የሰውነት ስሜት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ መድኃኒቱ የሚወሰደው ጉዳቱ ሳይደርስ ነው።

ከሚታወቁት ክኒኖች ሁለቱን እነግራችኋለሁ። አንደኛው ሜትፎርሚን ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕመም እንደሚጠቅም በ1957 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር አስታወቀ። ሥራውም ጉበት ስኳርን ወደ ደም እንዳያበዛ መግታትና ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ መርዳት ነው። ይህ ክኒን ከምግብ ጋራ ይወሰዳል። በመጀመሪያው ሰሞን ሆድን ሊያውክና ሊያስቀምጥ ስለሚችል፤ ሐኪም በጥቂቱ፤ ብዙ ጊዜ በ500 ሚሊግራም፤ አስጀምሮ ቀስ በቀስ ያሳድገዋል። ሕመምተኛው ግን ጽኑ ትውከትና ተቅማጥ ቢይዘው፤ ውሃ ከሰውነቱ ሲያልቅ ኩላሊቱ ሊደክምና መድኃኒቱ ሊከማችበት ስለሚችል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛው ግሊቤንክላሚድ ይባላል። እርሱ ቆሽትን ቀስቅሶ ኢንሱሊን እንዲጨምር ያደርጋል። ቆሽቱም ሰውየው ይብላ አይብላ ሳይጠብቅ ይሠራልና፤ ክኒኑን ውጦ ያልበላ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድበታል። አንድ ገበሬ ማለዳ ክኒኑን ወስዶ ቁርስ ሳይቀምስ እርሻ ወረደ እንበል። ፀሐይ ከፍ ስትል ያልበዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ነገሩም ይዘበራረቅበታል። ያየው ሰው ሰክሯል ብሎ ትቶት ያልፍ ይሆናል፤ ሰውየው ግን በሞት አፋፍ ላይ ነው።

ይህን ምልክት ያየ ሰው፤ ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ፤ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገምለት፤ ሲሻለውም ምግብ ያብላው። የክኒኑ ኃይል ለብዙ ሰዓት ስለሚቈይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ብቻውን አይተውት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይውሰደው። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን ያንቀዋልና በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን፤ በረመዳንም የሚጾም ሙስሊም፤ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና ልክ ያስተካክልለታል፤ ወይም መጾም እንደማይገባው ይነግረዋል። በባዶ ሆድ ጠላ፤ ጠጅና አረቄ መጠጣትም ለዚህ ሕመምተኛ አደገኛ ነው።

እነዚህንም ትእዛዞች ጠብቁ። ክኒኑን ሐኪም ባዘዘው ሰዓትና ልክ ውሰዱ። አንድ ጊዜ ቢረሳ በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አትውሰዱ። ለጎረቤት አታካፍሉ፤ ከጎረቤትም አትቀበሉ። የባህል መድኃኒት የምትወስዱ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ሳትሰውሩ ንገሩት። ያረገዘች ሴትም ማርገዟን ታስታውቀው። መድኃኒቱን ከእሳትና ከእርጥበት አርቃችሁ፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ አስቀምጡ።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ከወላጆቻችሁ ብዙዎች ፊደል የመማር ዕድል አላገኙም። በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈውን ስም፤ ልክና የሚያልፍበትን ቀን የምታነቡላቸው እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ «አባባ፤ ክኒንዎን ያምጡልኝና ላንብብልዎ» በሉ። ያልገባችሁ ነገር ሲኖር በግምት አትናገሩ፤ የጤና ሠራተኛውን ጠይቁ። የተማራችሁት ፊደል አባትን ከመንገድ ላይ ውድቀት ካዳነ፤ ትምህርታችሁ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።