ወረራ፦ ስለ ሰንጠረዥ መክፈቻ
(ቦንጋ ላይ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በቦንጋ ቆሜ «ወረራ» የሚለውን ቃል ሳነሣ ቃሉ ለዚህ አገር ሰው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የከፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ተማርከው፣ በጥልቅ ጉድባ ታጥሮ የኖረው መንግሥታቸው በዘመቻ ወድቋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ደም ስለማይፈስበት ወረራ ነው።

በጥንታዊው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ መደቁን፣ ፈረሱንና ደሩን እያንቀሳቀሱ ሰልፋቸውን ያሰናዳሉ። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ሥርዓት ገልጸውታል። ላዩን ለሚያይ ሁካታ ይመስላል፤ ነገር ግን ብልህ ተጫዋች እጁ በራሱ ጠጠር ላይ ሳለ ዓይኑ ከባላጋራው እጅ አይለይም። ያ ሰልፉን ሲለውጥ እርሱም ይለውጣል።

በዛሬው የውድድር ቼዝ ግን መክፈቻው ከመጀመሪያው አንሥቶ በተራ ነው፤ በመጻሕፍትም ተተንትኗል። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት በቃል በማስያዝ ነበር። አንድ ተማሪዬ በውድድር አሥር እርምጃ ያለ ስሕተት ከተጫወተ በኋላ፣ ባላጋራው ካጠናው መንገድ ሲወጣበት እጁን አጣጥፎ ቀረ። «ይህን አላስተማሩኝም» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ቦቢ ፊሸር ነጩን ሲይዝ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር በመግፋት የታወቀ ነበር። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ሬይክያቪክ ላይ ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲጋጠም ግን፣ በስድስተኛው ጨዋታ በንግሥቲቱ ወገን ከጳጳሱ ፊት ያለውን ወታደር ገፋ፤ ጨዋታውም ወደ ንግሥት ጋምቢት ዞረ። ስፓስኪ በ41ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ፤ ከተመልካቹም ጋር ለአሸናፊው አጨበጨበ። ፊሸር በግጥሚያው ለመጀመሪያ ጊዜ በነጥብ የመራው በዚያ ቀን ነው። ያሸነፈውም የለመደውን መንገድ ለመተው በመድፈሩ ጭምር ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና መክፈቻን ማጥናት ይገባል። ነገር ግን ለልጆቻችን እርምጃውን ስናስይዝ ምክንያቱን አብረን እናስተምር። ወረራን የሚያውቁ አረጋውያን በየአካባቢያችን ቢገኙም ቃላቸውን ዛሬውኑ እንመዝግብ። ከእነርሱ የምንማረው፣ ጨዋታ የሚከፈተው የሌላውን ሰው አሳብ በማየት መሆኑን ነው።