ምደባና ምርጫ፦ ስለ አሜሪካ የኳስ ደጋፊዎች ክርክር



ዛሬ የምንናገረው ስለ ድራፍት ነው። በብርጭቆ የሚቀዳውን የጠበቀ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። የእኛ ነገር አሜሪካኖች በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች ለኳስ ክለቦቻቸው የሚያከፋፍሉበት ሥርዓት ነው። በአማርኛ ምደባ ብንለው ይስማማዋል።

32 ክለቦች በ7 ዙር ይመርጣሉ፤ በውድድሩ መጨረሻ የወጣው ፊተኛ፣ ዋንጫ የወሰደው ኋለኛ ይሆናል። ሐሳቡን በ1935 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የፊላደልፊያው ክለብ ባለቤት በርት ቤል ነበር፤ ይኸውም ሀብታሞቹ ክለቦች ጥሩ ጥሩውን ተጫዋች በገንዘብ እየቀደሙ ስለ ወሰዱበት ነው። የመጀመሪያው ምደባ በ1936 ተደረገ።

ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ደጋፊው ወራት ሙሉ ይከራከራል። አንዱ «የጎደለንን ቦታ እንሙላ» ሲል፣ ሌላው «ቦታውን ተወው፤ ካሉት ሁሉ የሚበልጠውን እንውሰድ» ይላል። የግሪን ቤይ ክለብ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ2005 ብሬት ፋቭር የተባለ ዝነኛ ኳርተርባክ እያለው፣ በ24ኛው ተራ አሮን ሮጀርስ የተባለ ሌላ ኳርተርባክ ወሰደ። ወጣቱ 3 ዓመት ተቀምጦ ከጠበቀ በኋላ ቦታውን ተረከበ፤ በ2011 መጀመሪያም ዋንጫ አስገኘ። በ2020 ደጋፊው «ለሮጀርስ ኳስ ተቀባይ አምጡለት» እያለ ሲጮህ ክለቡ አሁንም ኳርተርባክ፣ ጆርዳን ላቭን መረጠ። በመጀመሪያው ዙር ኳስ ተቀባይ የተመረጠው ከ2002 በኋላ ገና በ2025 ነበር።

ታዲያ ማን ልክ ነበር? በእኛ አስተያየት ደጋፊው የሚያየው የትናንቱን ጉድለት ነው፤ መራጩ ግን ከ3 ዓመት በኋላ የሚመጣውንም ማየት አለበት። ሆኖም ደጋፊውን አላዋቂ ብሎ መናቅ አይገባም። የግሪን ቤይ ክለብ ባለአክሲዮኖች ራሳቸው ደጋፊዎቹ ናቸውና፣ ስለ ንብረቱ የሚጠይቅ ሰው ሊሰማ ይገባዋል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ሐሳቡ የማይጠየቅ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የሚመረጠው ልጅ ነው። ከተማውንም አሠሪውንም አይመርጥም። በ1936 አንደኛ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በዚያ ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ሌላ ሥራ ያዘ። ኑሯቸው በዚያው የሆነ ተጫዋቾች ግን ወደ ተመደቡበት ሄዱ። ውል የጨረሰ ተጫዋች ወደ ፈለገው ክለብ የመሄድ ሰፊ መብት ያገኘው በ1993 ነው፤ ይኸውም ተጫዋቾቹ በማኅበራቸውና በፍርድ ቤት ብዙ ከታገሉ በኋላ ነው።

ምደባ የሚለው ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ብዙዎቻችን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባነው በምደባ ነው፤ በሐኪምነትና በመምህርነት የተመረቁ ታላላቆቻችንም በዕጣ ወደ ገጠር የዘመቱበት ጊዜ አለ። ሐኪም የሌለው ወረዳ ሐኪም ማግኘቱን የሚቃወም ከመካከላችን የለም። ደካማውን ክለብ ማንሣትም ፍትሕ ነው። ዳሩ ግን የፍትሑን ዋጋ የሚከፍለው ተመዳቢው ብቻ እንዳይሆን እንሻለን።

ስለዚህ ለጉባዔው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ምደባ ይኑር፤ ነገር ግን ጊዜው አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፣ ሲያበቃም ተመዳቢው ወደ ወደደው ይሂድ። የሚቃወመን ካለ መድረኩ ክፍት ነው።