የመምህር ፍርድና የተማሪ ትጋት



መምህር በተማሪው ላይ የሚፈርደው ፍርድ ትጋቱን ያጸናል፥ ወይም ያጠፋል። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይዠምራል፤ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደርሰውም ቅኔውን ቈጥሮ ለመምህሩ እየነገረ፥ እየታረመም ነው። መምህሩ «ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም» ቢለው ጉድለቱን ያውቃል፤ ሲያስብም ያድራል። «አንተ ቅኔ አይሆንልህም» ቢለው ግን ፍርዱ ቅኔውን አልፎ በልጁ ላይ ይወድቃል፤ የሚያርመው ነገር አላገኘምና አኩፋዳውን አንሥቶ ይሄዳል። ሳይመረምር «ይበል» የሚል መምህርም እንዲሁ ይጐዳል፤ ስንፍናና ጥበብ እኩል ከተመሰገኑ የሚተጋ የለምና።

ቅዱስ ያሬድ ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ፥ ዛፍ ላይ የምትወጣውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ግንቦት 11 ቀን በስንክሳር እንሰማለን። ጌዴዎን የቀደመ ፍርዱን ይዞ በሩን ቢዘጋበት ኖሮ ድጓው ከማን በተገኘ ነበር?

እንግዲህ ልጆችን የምታስተምሩ ሁሉ፥ ስሕተቱን ሳትሸሽጉ ንገሩት፤ ልጁን ግን ተስፋ አታስቈርጡት።