የጥጥ እርሻው የሒሳብ ደብተር

የአሜሪካ ደቡብ የጥጥ ባለርስት ቤተሰቦች የሒሳብ ደብተሮች ዛሬ በሉዊዚያናና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የቅድመ አያቶቻቸውን ስም የሚፈልጉት በእነዚህ ገጾች ነው።

ስኮትላንድ የተወለደው ቶማስ አፍሌክ በፈረንጆች 1840ዎቹ ለእርሻዎቹ ቅጹ የታተመ ደብተር አዘጋጅቶ ይሸጥ ጀመር። አንዱ ቅጽ የለቀማ ነው፤ የባሪያው ስም፣ ከጎኑም በየቀኑ የለቀመው ጥጥ በፓውንድ ይሰፍራል። ማታ በሚዛን ያነሰበት ብዙ ጊዜ ይገረፋል፤ ለግርፋቱ ግን በቅጹ ላይ ቦታ የለም።

ሌላው ቅጽ ይበልጥ ያንገበግባል። በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የእያንዳንዱ ሰው ዋጋ በዶላር ይጻፋል። ሕፃን ሲወለድ የጌታው ሀብት ይጨምራል፤ አዛውንት ሲደክም ይቀንሳል። ይህን የጻፈ እጅ ጥሩ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ አስፈሪውም ይኸው ነው።

በ1865 ባርነት ሲቀር ደብተሩ አልተዘጋም። ነፃ የወጣው ሰው የባለርስቱን መሬት እኩል ያርሳል፤ ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ የወሰደው ዱቄትና ጨርቅ ከነወለዱ ተመዝግቦ፣ ጥጡ ሲሸጥ ከድርሻው ይቀነሳል። መዝጋቢው ባለርስቱ ነው። ብዙዎቹ አራሾች ማንበብ ተከልክለው ያደጉ ነበሩ፤ ማንበብ ለቻለም፣ ነጩን ባለርስት «ሒሳቡ ልክ አይደለም» ማለት ሕይወት ሊያስከፍል ይችል ነበር።