ምድርና ሰው በአገርኛ ልብ ወለድ



ስለ አንድ ልብ ወለድ ሲወራ ተፈጥሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በመጨረሻ ነው። ሐያሲው ታሪኩን ይተርካል፤ ገጸ ባሕርያቱን ይመዝናል፤ ከዚያ በኋላ ተራራውና ወንዙ ውብ ሆነው ተሥለዋል ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ሒስ ምድሪቱን ከመድረክ በስተጀርባ የተሰቀለች መጋረጃ ያደርጋታል። በአንድ አውራጃ ኑሮ ላይ በተመሠረተ ድርሰት ውስጥ ግን ሰው የሚበላውን፣ የሚገብረውንና የሚጣላበትን የምትወስነው እርሷው ናት።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የታወቀ ምስክር ነው። አንባቢ ሁሉ የሚያስታውሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይሁን እንጂ፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የጎጃም ገበሬ ምድሩን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በትከሻው ነው። በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚያምጸውም በግብር ነገር ነው። እህል ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በቁና ተሰፍሮ የሚታይ ሀብት ስለሆነ ለመቁጠርም ለመውሰድም ይመቻል። ስለዚህ በዚህ ድርሰት ስለ ምድር የሚነገረው ዞሮ ዞሮ ስለ ሥልጣን ይሆናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን ስላስቀረ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ አንባቢ ያን ሸክም የሚያገኘው ከእንዲህ ያለው ገጽ ላይ ነው።

ከእህል አገር ወደ እንሰት አገር ሲታለፍ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ ጉራጌ ገጠር የጻፉት ድርሰት፣ ቮልፍ ሌስላው ከቸሃ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት፣ «የሺነጋ መንደር» በሚል ስም በ1964 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እንሰት የአንድ መኸር ተክል አይደለም። ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በመካከሉም እየተነቀለ ከቦታ ቦታ ይተከላል። ሲደርስ ሴቶች ይፍቁታል፤ ተቀብሮም እስኪብላላ ይቆያል። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ፍጉ ወደ ጓሮው ይወጣል፤ የእንሰቱም ቅጠል ለከብቱ መኖ ይሆናል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ክትፎውን በቆጮ የሚበላ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያየው የመጨረሻዋን ቁራሽ ብቻ ነው።

የዚሁ ደራሲ «አፈርሳታ»፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የናማጋ ጎጆ ከመቃጠሉ ይነሣል። አጥፊውን ለማወጣጣት የሠላሳ መንደር ሰው ይሰበሰባል። የእንሰትን አገር የማያውቅ አንባቢ ይህን የወንጀል ምርመራ ታሪክ ብቻ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ነገር ግን ጎጆው የሰው፣ የከብትና የጓሮው ተክል መገናኛ በሆነበት ስፍራ እሳት የሚበጥሰው ይህን ሰንሰለት ነው። እህል ዘሪ ጎረቤቱን ከተቀየመ መኸሩን ሰብስቦ ሊሄድ ይችል ይሆናል፤ እንሰት ተካይ ግን የነገውና የከርሞው ምግቡ ገና በምድር ላይ ቆሟል። ከጠረጠረው ሰው ጋር አጥር ተካፍሎ መኖር አለበት። የዚያ ስብሰባ ትዕግሥትና ክብደት ሊገባ የሚችለው ይህ ሲታወቅ ነው፤ «የአገር ልማድ ነው» ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ቋንቋውም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ለበሬና ለሞፈር ሥራ ቃል አያጣም፤ ገመሳውን ከጉልጓሎ፣ ምርቱን ከግርዱ ይለያል። እንሰት ጓሮ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ቅጠል፣ ግንድና ሥር ብሎ ያበቃል። ተክሉን በየዕድሜው በልዩ ስም የሚጠሩት በጥላው ሥር ያደጉት ናቸው፤ የሺነጋ መንደርም አስቀድሞ የተጻፈው በእነርሱ አፍ ነበር።