ማእድና ቃል



የመጀመሪያይቱ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የተፈተነችው በስደት ብቻ አይደለም፤ በእንጀራም ነው። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደሚናገረው፥ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ የምግብ እደላ ስለ ተዘነጉ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ማእዱን አልናቁም፤ መበለቲቱንም አልገፉም። ነገር ግን እነርሱ ለጸሎትና ለቃሉ ይተጉ ዘንድ 7 ዲያቆናት ሾሙ። ልብ በሉ፤ እንጀራ ለማደል የተመረጡት እንኳ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ነበሩ። ለማእድ የተሾመው እስጢፋኖስም ስለ ቃሉ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

የኢትዮጵያም ቤተ ክርስቲያን ይህን ፈተና ታውቀዋለች። በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ርስቷ በተወሰደ ጊዜ መቋሚያውና ጸናጽሉ አልተወሰደም፤ ካህናቱ በምእመናን መባ ኪዳኑን አደረሱ፥ ቅዳሴውንም ቀደሱ። ዛሬ ብዙ አጥቢያ የሚከራይ ሱቅና አዳራሽ አለው። መልካም ነው፤ ካህን ጾሙን ማደር የለበትም። ዳሩ ግን በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተ ተማሪ ይዘለፋል። የሰበካ ጉባኤው ስለ ኪራይ ሲከራከር እያመሸ፥ ሰዓታት ሲቆም የሚሰማ ሰው ከታጣ፥ የአብነት ተማሪውም ከደጁ ባዶ አኩፋዳ ይዞ ከተመለሰ፥ የሱቁ ትርፍ ለማን ነው?

እንግዲህ በዚህ ኢዮቤልዩ ሒሳቡ ሲነበብ፥ ከቆርቆሮውና ከሲሚንቶው አስቀድሞ ስንት ሕፃናት ዳዊት ደገሙ፥ ስንት የተጣሉ ታረቁ፥ ስንት ሕሙማን ተጠየቁ ተብሎ ይነበብ። እንዲህ ያለ መዝገብ ከሌለ ዛሬውኑ ይከፈት።